ጣሪያ ያለው መጫወቻና የባለቤቴ ጫማ

ከሁሉ በፊት የሚያወራችሁን ሰው እወቁት። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከየኔታ አጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ ውስጥ በአለንጋ እየተገረፉ ከሚማሩት ቀድሜ ዳዊት ደገምኩ። እንግሊዝኛን ከቱሪስት አፍ ለቀምኩ፤ ጣልያንኛም ሰላምታና ስድብ ያህል አለኝ። ላሊበላ ውስጥ ራዲዮ ሲበላሽ ወደ ወልድያ ከመላኩ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ አብዛኛውም ከዚህ አያልፍም። የሰፈራችን ወፍጮ የቆመ ጊዜ ከጋሸና የመጣው መካኒክ «ይኼ ሞቷል፣ ቅበሩት» ብሎ ሄደ። እኔ በሽቦና በቁራጭ ጠፍር አስነሳሁት። ያ መካኒክ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው አጭር ነው።

ሰው ማስተናገድና ማቀድማ የእኔ ነው። በገና ሰሞን ግቢዬ በተሳላሚ ይሞላል። ማን የት እንደሚተኛ፣ የማን እግር ቀድሞ እንደሚታጠብ፣ የሙጃው ተሳላሚ ከብልባላው ጋር በአንድ ምንጣፍ ምክንያት እንዳይጣላ የምደለድለው እኔ ነኝ። አንድም ተሳላሚ ሜዳ ላይ አድሮብኝ አያውቅም። አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ኩርፊያ ነበረው።

አንድ ያላደረግሁት ነገር ቢኖር ጫማ መያዝ ነው። በእኛ ከተማ ጫማ ጠባቂነት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንግዳው በአንዱ በር ጫማውን አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይገባል፣ በሌላው በር ይወጣል። ጠባቂው ጫማውን ተሸክሞ በውጭ ይዞርና በመውጫው ላይ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ይደረድርለታል። ማንም ጫማውን አይፈልግም፤ ጫማው ቀድሞት ቆሞ ይጠብቀዋል። እኩዮቼ በዚህ ሥራ ቤት ሠርተዋል። አልንቃቸውም። እንዲያው ትንሽ እንቃቸዋለሁ። እኔ ግን የሰው ጫማ በእጄ አልያዝኩም፤ እንደማልይዝም ለባለቤቴ ገና ስንተጫጭ ነግሬያታለሁ። እሷም «ያንተን የሚይዝልህ ካገኘህ መልካም» አለችኝ። የዚያን ጊዜም ምላሷ እንዲህ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ስምንት ዓመት የሆናት የልጅ ልጅ አለችን፤ የወንድ ልጄ ልጅ ናት። እናቷ አረብ አገር ለሥራ ሄዳለች፤ አባቷ ከእኛው ጋር ነው። ሥራው ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበል ነው፤ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ እንግዳ መቀበያው ላይ መተኛት። አዲስ አበባ ያለችው ሴት ልጄ ደግሞ የልጅቷ እኩያ የሆነ ወንድ ልጅ አላት። ባለፈው ክረምት ይኸው ልጅ በስልክ በምስል ደወለና ፎቅ ውስጥ ያለ መጫወቻ አሳየን። ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ በጋም ክረምትም አይገባውም።

«ጨለማ ዋሻ አለው» አላት። «አንቺ ግን አትችይውም። እናንተ ጋ መብራት ስለሌለ ፈሪዎች ናችሁ።»

መብራት የሌለው ሰው ጨለማ የሚፈራው በየትኛው ሕግ እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ልጅቷ ስልኩን ለአባቷ ሰጠችና ደጃፍ ሄዳ ቆመች። በማግስቱ እህል ስናሰጣ መጣችና፣

«አባባ፣ የአዲስ አበባ ጨለማ ከእኛ ጨለማ ይበልጣል?» አለችኝ።

«ይዤሽ እሄድና እናየዋለን» አልኳት። ይኼን ያልኩት ጎረቤት በተሰበሰበበት ነው፤ የእኔን ቃል ደግሞ ጎረቤት አይረሳውም። እሷም ለሰፈሩ ልጆች ስትነግር ሳቁባት፤ «ባለ ዋሻዋ» የሚል ስም አወጡላት። ትምህርት ሳይከፈት ሄዳ ዋሻውን ካልገባች ያንን ስም ይዛ ክፍል ልትገባ ነው። የፊቷን መጥቆር አይቼ፣ ወፍጮ ያስነሳሁ ሰው ይኼን አያቅተኝም አልኩና ቤተሰቡን ሰበሰብኩ።

የመጀመሪያው ችግር ቀን መቁረጥ ነበር። የባለቤቴ ወንድም መሪጌታ ናቸው። ማንም ሳይጋብዛቸው «እህቴን ብቻዋን ወደ ዋሻ አልሰድም» ብለው አብረው ሊሄዱ ተነሡ። መቼም መሪጌታ ካሉበት ቀን የሚቆረጠው በእሳቸው ነው። ፍልሰታ እስኪፈታ መሄድ አይታሰብም። ከዚያ ልጅቷ «አሸንድዬ ሳልጨፍርማ አልሄድም» አለች፤ እሱም ልክ ነው፤ የላስታ ሴት ልጅ አሸንድዬዋን ትታ ከተማ ብትወጣ ማን ይምራታል? ስለዚህ ከነሐሴ ሃያ አንድ ጀመርን።

«ሃያ አንድ?» አልኩ።

«ማርያም» አሉ መሪጌታ፤ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም።

«ሃያ ሦስት?»

«ጊዮርጊስን? ላሊበላ ተቀምጠን?»

«ሃያ አራት?»

«ተክለ ሃይማኖት።»

«ሃያ አምስት?»

«መርቆሬዎስ።»

«መሪጌታ፣ ቅዱስ የሌለበት ቀን አለ?»

«አለ» አሉ። «ሠላሳ አንድ።»

ወሩ ሠላሳ ላይ እንደሚያልቅ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን በዚህ የምሸነፍ አይደለሁም፤ ሃያ ስድስትን ያዝኩ። «ቶማስ ነው» አሉ። «እሱማ አይከፋውም» አልኳቸው፤ «ራሱም በእጁ ካልዳሰሰ የማያምን ሐዋርያ ነው። እኛም ዋሻውን ልንዳስስ ነው የምንሄደው።» መሪጌታ መልስ ሲያጡ ጺማቸውን ያሻሉ፤ ያን ዕለት ጺማቸው ሊነቀል ደረሰ። ቀኑ ተቆረጠ።

ቀጥሎ ልጄ መጣ። «አባዬ፣ በአውሮፕላን እንሂድ፤ በአንድ ሰዓት እንደርሳለን» አለኝ። ትራስ የሚገዛበት የሌለው ሰው በደመና ላይ ሊተኛ ያምረዋል። «በአውሮፕላን የሄደ ሰው ምን አየ? ደመና። ደመና እዚህም ሞልቷል» ብዬ ዘጋሁት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ለጋሸና ሹፌሮች በየጠዋቱ እየደወልኩ የማጣራው እኔ ነበርኩ፤ ዜና ከሚያነቡት ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ሴት ልጄ ከአዲስ አበባ የመጫወቻውን ደንብ ነገረችን። ልጆች ወደ ጨለማው ዋሻ የሚገቡት ከአዋቂ ጋር ነው።

«እኔ እገባለሁ» አለ የልጅቷ አባት። «ምን አላት!»

እንግዲህ ለሁሉም ሥራ ደለደልኩ። ልጄ ዋሻ ይገባል። መሪጌታ ዕቃ ይጠብቃሉ። ሴት ልጄ ትኬት ትይዛለች። ባለቤቴን «አንቺ አግዳሚ ላይ ትቀመጫለሽ፤ ደክመሻል» አልኳት። እኔ አዛዥ ነኝ።

ልምምድ ያልተደረገበት እቅድ ምኞት ነው። ስለዚህ የማገዶ ቤቱን ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት ደፍኜ ጨለማ ዋሻ አደረግሁት፤ በሩ ላይ ሁለት ጀሪካን አቁሜ መግቢያ ሠራሁ። ልጄ የልጁን እጅ ይዞ ገባ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብቻውን ወጣ።

«ገባኝ፣ አባዬ። ለዚህ ልምምድ አያስፈልግም።»

«ልጅህስ?»

«ትመጣለች።»

መጣችም፤ ቀስ ብላ፣ ሹራቧ ላይ የሸረሪት ድር ተሸክማ። ባለቤቴ ደጅ ላይ ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና ሳትል «ግድግዳውን ያዝ በሉት እንጂ» አለች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ብዙ ነገር በአእምሮዬ ነበር።

በጉዞው አላሰለቻችሁም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን፣ ደሴ አደርን፣ መሪጌታ በየመታጠፊያው አማተቡ፣ ልጄ ሙሉውን መንገድ ስልኩን አየ። ባለቤቴ ለአንድ ቀን ጨዋታ ለአንድ ወር ዘመቻ የሚበቃ በሶና ድፎ ይዛ ነበር። ሴት ልጄ ገና በቤቷ በር ላይ ስታየው፣

«አባዬ፣ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው ብዬህ አልነበር?» አለች። አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ አንቱታውን መናኸሪያ ጥላው ነው የሄደችው። «እዚያ ውስጥ ፒዛ ይሸጣል።»

እናቷ አልተከራከረችም። አንድ ጭብጥ ቆሎ ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

መጫወቻው እንዲህ ነው። ገና ሲገቡ ጣሪያው ላይ ሰማይ ተሥሏል፤ ሰማያዊ ቀለም፣ ነጭ ደመና። ውጭ እውነተኛው ደመና ክረምቱን ሙሉ በነፃ ይዘንባል፤ እዚህ ሰው የተቀባውን ለማየት ይከፍላል። የፕላስቲክ ፈረሶች እየዞሩ አንድም ቦታ አይደርሱም። አባቶች በየጥጉ ተቀምጠው ስልክ ያያሉ፤ ልጄ ወዲያው ዘመዶቹን ያገኘ መሰለው። ጩኸቱ ደግሞ የብልባላን ገበያ፣ ከነአህያው፣ ማሰሮ ውስጥ የከተቱት ያህል ነው።

በር ላይ አስተናጋጇ «ጫማ አውልቁ» አለችን። መሪጌታ ደስ አላቸው። «ቦታው ለካ ክብር አለው» ብለው ጫማቸውን አወለቁና የሚሳለሙት መቃን በዓይናቸው ፈለጉ። ጫማችን በመደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። የባለቤቴ ኮንጎ ጫማ ከታች፣ የልጅቷ ከጎኑ። ባለቤቴ አስተናጋጇን አይታ በእርካታ ራሷን ነቀነቀች፤ ጫማ ጠባቂ ናት ብላ ነው።

ዋሻው የአውሬ አፍ ይመስላል። ከውስጡ በድምፅ ማጉያ የጅብ ይሁን የሰው የማይለይ ጩኸት ይወጣል። ሰልፉ ደረሰን። ልጅቷ የአባቷን እጅ ያዘች። አባቷ የአውሬውን ጥርስ አየ፣ ጩኸቱን ሰማ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮው አነሣ።

«ሄሎ? አይሰማም... ቆይ፣ ከሥራ ነው፣ መጣሁ» ብሎ ፈቀቅ አለ። ስልኩ ሲጠራ ማንም አልሰማም። እኔ ራዲዮ የምጠግን ሰው ነኝ፤ ዝም ያለ ዕቃና የሚያወራ ዕቃ እለያለሁ።

«የአክስትሽ ልጅ ያስገባሻ፤ እሱ ያውቀው የለ?» አልኩ ወደዚያ ወደ ባለ ምላሱ ልጅ ዞሬ። ልጁ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጧል።

«እሱ ገብቶ አያውቅም» አለች ሴት ልጄ በሹክሹክታ። «ድምፁን አይወድም።»

ስድቡን በስልክ ሲልክ ግን ድምፁ ጥሩ ነበር።

መሪጌታን አየሁ። «ያልተባረከ ጨለማ ነው፤ እኔ ዕቃ ነው የምጠብቀው» አሉ። የእኔ ጉልበት ደግሞ ከጋሸና እስከ ደሴ ባለው መንገድ አልቋል፤ አዛዥም ጭፍራውን ጥሎ ዋሻ አይገባም። በሩ ላይ ያለው ወጣት ሰዓቱን አየ። «አባት፣ አዋቂ ከሌለ አይቻልም። ሌላው ይለፍ።» ልጅቷ ከሰልፉ አልወጣችም። ወደ እኔ ብቻ ቀና ብላ አየች። «ባለ ዋሻዋ» የሚለው ስም ግንባሯ ላይ ሲጻፍ አየሁት።

ባለቤቴ ከአግዳሚው ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ መጥታ የልጅቷን እጅ ያዘች።

«የኔ ልጅ» አለችው ወጣቱን፤ «ግድግዳ አለው?»

«ምን?»

«ይኼ ዋሻህ። ግድግዳ አለው?»

«አለው፣ እማማ።»

«በቃ።»

ገቡ። ይኼን ለማያውቅ ልንገር፦ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ከድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ፣ መብራት የማይገባበት መተላለፊያ አለ። ሲኦል ይባላል። መብራት ሳይዙ፣ እጅን ግድግዳው ላይ አድርገው ነው የሚያልፉት። እሷ በየዓመቱ ታልፈዋለች፤ ልጆቻችንን በየተራ በጀርባዋ አዝላ አሳልፋቸዋለች። አሁን በስልክ ያመለጠውንም ጭምር።

ጠበቅን። ፈረሶቹ ዞሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና ዞሩ። ከእነሱ በኋላ ሌላ ገባ፣ ሌላም ገባ፤ ከአውሬው አፍ ግን ማንም አልወጣም። መሪጌታ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ በዚህ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት።

«እቅድህ ይኼ ነው እንግዲህ!» አለችኝ ሴት ልጄ። «እማዬን ጨለማ ውስጥ አስገብተህ!»

«የገባችው በገዛ እግሯ ነው» አልኩ።

በሩ ላይ ያለው ወጣት «ሳይወጡ አይቀሩም» ቢልም ማንም አልሰማውም። ሴት ልጄ ስትጮህበት ደንግጦ የዋሻውን መብራት አበራው። አወይ ውርደት! ያ ሁሉ ጅብ አንድ ጥቁር ሣጥን ነበር። ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አፅም፣ ጥግ ላይ የተረሳ መጥረጊያ። ሰው ግን የለበትም። የአዲስ አበባው የልጅ ልጄ ከእናቱ ቀሚስ አንገቱን አውጥቶ አየና፣ «ይኼ ብቻ ነው?» አለ።

እነሱ ሲሯሯጡ እኔ አሰብኩ። ይኼ ነው ልዩነቱ። ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ፤ ኮንጎ ጫማው ቁጭ ብሏል፣ የልጅቷም ከጎኑ። ወዲያው ገባኝ። ባለቤቴ አልጠፋችም። በሌላ በር ወጥታ ጫማዋን እየጠበቀች ነው። የላሊበላ ሰው በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ሲወጣ ጫማውን ፍለጋ አይዞርም፤ ጫማው ይመጣለታል። እስኪመጣ ቢመሽም ከዚያ በር አትነቃነቅም። እዚህ ፎቅ ውስጥ ደግሞ ጫማ የሚያዞር ፍጡር አልተቀጠረም።

ልጄን ፈለግሁት፤ አፅሙን በስልኩ ፎቶ ያነሣል። መሪጌታ ገና ውዳሴያቸው መሐል ናቸው። ግራ ቀኝ አየሁ። የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም ጥንድ አነሣሁና የመውጫውን ቀስት ተከትዬ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ወደ ታች ወረድኩ።

መውጫው ከታች ፎቅ ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ለውስጥ ወደዚያ ይወርዳል። ባለቤቴ እንጉዳይ የመሰለ የፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰብስባ ቆሎዋን ትቆረጥማለች። ልጅቷ የማታውቃቸው የከተማ ልጆች ከበዋት እንዴት እንደሚታለፍ እያስተማረች ነው፤ «ማየት አያስፈልግም፣ መያዝ ነው» ትላቸዋለች። ባለቤቴ እጄ ላይ ያለውን አየች። ቸኩላ አልሳቀችም።

«ዘገየህ» አለች።

«ሰው በዛ።»

«ጠባቂ ሲዘገይ ጉርሻው ይቀንሳል» ብላ መዳፌ ላይ ሦስት ፍሬ ቆሎ አኖረችልኝ። እኔም ጫማዎቹን አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙሬ ደረደርኩ። ሥራ ከተሠራ በወጉ ይሠራ።

«አባባ» አለች ልጅቷ፤ «የእነሱ ጨለማ ትንሽ ነው። እጄን ሳላነሣ አለቀ።»

ወደ ላይ ስንመለስ መብራቱ ጠፍቶ ጅቡ ጩኸቱን ቀጥሏል። ያ ባለ ምላስ የአክስቷ ልጅ እየተቅለሰለሰ መጣ። ልትሰድበው ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን እሰድበው ነበር፤ ስድቡንም አዘጋጅቼላት ነበር። እሷ ግን እጇን ዘረጋችለት።

«ግድግዳውን ያዝ» አለችው። «አያቴም አለች።»

ሦስቱም ገቡ። እኔ ማንም ሳያዘኝ ሦስት ጥንድ ጫማ አነሣሁ።

እንግዲህ ያከናወንኩትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው ከዘረዘረው ይጎድላል።

መሪጌታን በቅዱስ ቶማስ ረታሁ።

አሸንድዬ ሳይቀር፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ ቤተሰቤን በሰላም አድርሼ መለስኩ።

ሁለት የስልክ ጀግኖች በአንድ ቀን ሲረቱ አየሁ፤ አንዱ የልጅ ልጄ ነው፣ ሌላው ልጄ።

የጠፋች ባለቤቴን አምስት ሰው በዓይኑ ሲፈልጋት እኔ በጫማዋ አገኘኋት።

ለልጅቷ የገባሁትን ቃል ፈጸምኩ፤ «ባለ ዋሻዋ» የሚለው ስም ዛሬም በሰፈሩ አለ፣ አሁን ግን ራሷን የምትጠራበት እሷው ናት።

ጫማ ይዤ አላውቅም የሚለውን ንግግሬን አሻሻልኩ። አሁን የምለው እንዲህ ነው፦ በዚያ ፎቅ ውስጥ፣ ከእኔ በፊትም ሆነ ከእኔ በኋላ፣ ጫማ በወጉ ያዞረ ሰው የለም። ሦስቱ ሲወጡ ጫማቸው ቀድሟቸው ቆሞ ነበር።